ማሳሰቢያ፦ «አዲሱ ቨርዥን ይግባልን» ለምትሉ የወለጋ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች

በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ለምትማሩ፣ ለምታስተምሩና ለምትሠሩ ሁሉ። የእነዚህን ሲስተሞች ፓኬጆች ከሚያዘጋጁት ብዙዎቹ ያለ ደሞዝ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ጥያቄ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

የቁጥር ማነስን እንደ ጉድለት አትቁጠሩ። ዴቢያን 12 በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የያዘው ሊብሬኦፊስ 7.4 ነበር፤ ዴቢያን 13 በነሐሴ 2017 እስኪተካው ድረስም ከ7.4 አልተነሣም። የዴቢያን የተረጋጋው እትም («ስቴብል») አንዴ ከወጣ በኋላ የሚገባበት በዋናነት የደኅንነትና የከባድ ስሕተት ማስተካከያ ነው፤ ያውም በአሮጌው ቁጥር ላይ። በመጋቢት 2006 መጨረሻ «ሃርትብሊድ» የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ቀዳዳ ሲጋለጥ ደራሲዎቹ 1.0.1ጂን አወጡ፤ ዴቢያን ግን 1.0.1ኢን እንደያዘ ቀዳዳውን ደፈነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ተጋልጠናል» ማለት ስሕተት ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ አካባቢ ትልቅ ጥቅም አለው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ለወራት ሳይነካ የሚሠራ ሲስተም እንደ ኋላ ቀር መታየት የለበትም።

«አዲስ ወጥቷል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። አብዛኛው የዴቢያን ፓኬጅ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ በራሱ የሚያሳውቅ መከታተያ ስላለው ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ኃላፊ ቀድሞ ሰምቶታል። ያልሰማው የእናንተን ችግር ነው፤ እሱን ንገሩት። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጉሙዝኛ የሚያገለግሉ የግዕዝ ፊደላትን ጨምሯል። በካማሺ ወይም በአዋሳኙ ወለጋ የሚሠራ የጉሙዝኛ መምህር ፊደሉ በፎንቱ ውስጥ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየውና አዲሱ ቨርዥን ካስተካከለው፣ የትኛው ፊደል እንደሆነ ጽፎ ከነፎቶው ይላክ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለኃላፊው ሥራ ያቀልለታል።

መጀመሪያ ግን ሌላ ሰው ጠይቆ እንደሆነ ፈልጉ። አዲሱ ቨርዥን ገና በዝግጅት ላይ ባሉት የዴቢያን እትሞች፣ በ«አንስቴብል» ወይም በ«ቴስቲንግ»፣ ገብቶ ከሆነ የምትጠይቁት ባክፖርት (ለተረጋጋው እትም እንደገና የተዘጋጀ ፓኬጅ) ነው። ካልገባ «ሪፖርትበግ» በተባለው ፕሮግራም፣ ክብደቱን «ዊሽሊስት» ብላችሁ፣ በአጭር እንግሊዝኛ ላኩ። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አንድ ዓይነት መልእክት አይላክ፤ አንዱ ይበቃል። ኡቡንቱም አብዛኛውን ፓኬጅ የሚወስደው ከዴቢያን ስለሆነ ዴቢያንን ሳታዩ ወደዚያ አትሂዱ።

ከሁሉ በላይ አታጣድፉ። «ኤክስዜድ» የተባለውን የፋይል ማመቂያ ለዓመታት የተንከባከበው ላሴ ኮሊን እ.ኤ.አ. በ2022 ከማይታወቁ ሰዎች «ዘገየህ፣ ለሌላ ልቀቅ» የሚል ጫና ደረሰበት። ደክሞት ስለነበር ሥራውን ከአንድ አጋር ጋር ተካፈለ፤ ያ አጋር ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አይታወቅም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የማይታወቅ ስም ያለው ሰው 5.6.1 ቨርዥን ዴቢያን ውስጥ እንዲገባ ጥያቄ አቀረበ። ከአራት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 20፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን ተከታትሎ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥ ያ አጋር የደበቀውን የኋላ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ቴስቲንግና አንስቴብል ተበክለው ነበር፤ የተረጋጋው ዴቢያን ግን አልተነካም። ስለዚህ ኃላፊው «ለምን ፈለግኸው?» ሲላችሁ ሊከፋችሁ አይገባም፤ መጠየቁ ሥራው ነው፣ የሚጠብቀውም እናንተን ነው።

መልስ ዘገየ ብላችሁ ባለቤቱን ከማታውቁት ቦታ ፓኬጅ አውርዳችሁ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አትጫኑ፤ በፍላሽም ለሌላ አታስተላልፉ። የጠየቃችሁት ሲገባ ሞክሩትና መሥራት አለመሥራቱን በዚያው ጥያቄ ሥር ጻፉ። የዳታ ወጪውን ለመቀነስ «አፕት-ኦፍላይን» አለ፤ ነቀምት ላይ አንዴ የወረደውን በፍላሽ ሻምቡ ወስዶ መጫን ይቻላል።