ከልጆቹ ጋራ የተጫወተ ንጉሥ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ፥ በግሪክ አገር በስፓርታ ከተማ አጌስላዎስ የሚባል ሰው ነገሠ። ቁመቱ አጭር ነበረ፤ በአንድ እግሩም ያነክስ ነበረ። ነገር ግን በጦርነት እጅግ ብርቱ ሰው ነበረ። ባሕር ተሻግሮ ከፋርስ ንጉሥ ሠራዊት ጋራ ተዋጋ፤ ድልም አደረገ።

የስፓርታ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሥርዓት ጽኑ ነበረ። ወንድ ልጅ 7 ዓመት ሲሆነው ከእናቱና ከአባቱ ቤት ተለይቶ ከእኩዮቹ ጋራ ያድግ ነበረ። በዚያም ራብንና ብርድን መታገሥ፥ ለአለቆቹም መታዘዝ ይማር ነበረ። አጌስላዎስም ራሱ እንዲሁ አደገ። ይህን የሚሰማ ሰው ንጉሡ በቤቱ የማይሥቅ፥ ልጆቹም የሚሸሹት አባት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም።

ፕሉታርክ የሚባል የግሪክ ጸሓፊ የዚህን ንጉሥ ታሪክ ከ400 ዓመት በላይ ቈይቶ ጽፎታል። በዚያ ታሪክ እንደሚነገረው፥ ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ንጉሡ በትር እንደ ፈረስ ተቀምጦ በቤት ውስጥ ከነርሱ ጋራ ይጫወት ነበረ። አንድ ቀን ከወዳጆቹ አንዱ መጥቶ በዚህ ሁኔታ አየው። ንጉሡም ወዳጁ ራሱ ልጅ ወልዶ አባት እስኪሆን ድረስ፥ ያየውን ለማንም እንዳይናገር ለመነው።

ስለ ምን እንዲህ አለው? ልጅ ያልወለደ ሰው ነገሩን እንደ ሞኝነት እንዳይቈጥረው ብሎ ነው። አባት የሆነ ሰው ግን ምክንያቱን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ብዙ አባቶች ከልጆቻቸው ጋራ ቢጫወቱ ክብራቸው የሚቀንስ ይመስላቸዋል። አባት ወደ ቤት ሲገባ ልጆች ሣቃቸውን ትተው ዝም የሚሉበት ቤት አለ። አጌስላዎስ ግን በበትር ፈረስ ስለ ተጫወተ ዙፋኑን አላጣም፤ 40 ዓመት ያህል ነግሦአል። ፍርሃትና አክብሮትም አንድ አይደሉም። የሚፈራ ልጅ አባቱ ሲያየው ብቻ ይታዘዛል፤ የሚያከብር ልጅ ግን አባቱ በሌለበትም ይታዘዛል።

ፍርሃት ትልቅ ጕዳት የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። ውሻ የነከሰው ልጅ፥ አባቱ ይመታኛል ብሎ ቍስሉን ቢሸሽግ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ቢያጥብ፥ ፈጥኖም ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ክትባቱን ቢወስድ ከሞት ይተርፋል። በሽታው ከተገለጠበት በኋላ ግን የሚድን የለም ለማለት ጥቂት ይቀራል። ትናንት ማታ በአባቱ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ሲሥቅ ያመሸ ልጅ፥ ዛሬ ቍስሉን ለአባቱ ለማሳየት አይፈራም። እያለቀሰ ወደርሱ ይሮጣል።

ጨዋታ ራሱም ትምህርት አለበት። አባት ከትንሽ ልጁ ጋራ ሲታገል ኀይሉን ይገታል፤ አንዳንድ ጊዜም ሆን ብሎ ይወድቅለታል። ልጁም ብርቱ ሰው ደካማውን ሊጐዳ እንደማይገባው፥ የተሸነፈም ሰው ሊቈጣ እንደማይገባው በዚህ ይማራል።

ጨዋታ ግን ልክ አለው። አባት ይበቃል ባለ ጊዜ መልካም ልጅ ወዲያው ይተዋል። አባቴ ከእኔ ጋራ ይሥቃል ብሎ ትእዛዙን አይንቅም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 3፥ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩና ልባቸውን እንዳይሰብሩ ይመክራል። ዛሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ካደገ በኋላ ልጆች ሊያሳድግ ይችላል። በዚያን ጊዜ ከሥራው ደክሞ ቢመለስም፥ ለልጆቹ ጥቂት ሣቅ ማትረፍን አይርሳ።