በካርታው ላይ ያልነበረው መብራት

ከማንበባችሁ በፊት፦
አዲስ የተተከለ መብራት መርከበኛን ሊያሳስት ይችላልን? ተወያዩበት።

ምንባብ

በሌሊት ባሕር የሚያቋርጥ መርከበኛ መንገዱን ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ በየብስ ዳር ከተተከሉ ማማዎች የሚፈነጥቀው ብርሃን ነው። ይሁን እንጂ ብርሃኑን ማየት ብቻ አይበቃም፤ የየትኛው ስፍራ መብራት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው መብራት እያየ ከአደጋ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ «ግሬት ብሪትን» የተባለችው መርከብ ታሪክ ምሳሌ ይሆነናል። ይህች መርከብ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1843 ከውኃ የገባች ስትሆን፣ በዘመኑ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ትልቋ ነበረች። አካሏ ከብረት የተሠራ ሲሆን በእንፋሎት ኃይል ትንቀሳቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1846 180 ያህል መንገደኞችን አሳፍራ ከሊቨርፑል ወደ ኒውዮርክ ተነሣች።

ሲመሽ የመርከቧ አዛዥ ከሩቅ መብራት ተመለከተ። በማን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ያለው መብራት ስለመሰለው ደሴቲቱን ገና ያላለፈ መሆኑን አመነ። መርከቧ ግን ደሴቲቱን አልፋ ወደ አየርላንድ ጠረፍ ተቃርባ ነበር። የታየውም እ.ኤ.አ. በ1844 በአየርላንድ ጠረፍ የተተከለው አዲስ መብራት ነበር። አዛዡ ደሴቲቱን የሚዞር መስሎት አቅጣጫውን ወደ ሰሜን ሲለውጥ፣ መርከቧ በዳንድረም ባሕረ ሰላጤ አሸዋ ላይ ወጥታ ቆመች። አዛዡም በኋላ ይህ መብራት በያዘው ካርታ ላይ እንዳልነበረ ተናገረ።

መንገደኞቹ በሕይወት ተረፉ። መርከቧ ግን እስከ ኦገስት 1847 ድረስ ከዚያው ሳትነቃነቅ ቆየች። የባለቤቶቹም ሀብት በኪሣራ ስለ ተሟጠጠ ሊሸጧት ተገደዱ።

እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመከላከል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የካርታ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1834 ጀምሮ «ማስታወቂያ ለመርከበኞች» የተባለ ጽሑፍ ያወጣ ነበር። አዲስ መብራት ሲተከል የሚገኝበት ስፍራ፣ የሚበራበት ቀን፣ ከፍታው፣ ቀለሙ፣ ከስንት ማይል እንደሚታይና ብርሃኑ የማያቋርጥ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መሆኑ ይገለጻል። መርከብ በሰጠመ ጊዜም ቅሪቱ የወደቀበት ስፍራ ይነገራል። በእንግሊዝ ጠረፍ በቅሪቱ አጠገብ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጀልባ መልሕቅ ጥሎ ይቆም ነበር።

ሆኖም ማስታወቂያው መታተሙ ብቻውን ማንንም አያድንም። መርከበኛው አንብቦ፣ ለውጡን በገዛ እጁ በካርታው ላይ በቀለም መጻፍ ነበረበት። ራዲዮ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ወደብ ሳለ ካርታውን ያላረመ ሰው በባሕር መካከል የሚያስታውሰው አልነበረውም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት ፍቺ ከተናገራችሁ በኋላ በዐረፍተ ነገር አግቡ።
ፈነጠቀ፣ ጠረፍ፣ ተሟጠጠ፣ ቅሪት፣ መልሕቅ

ለ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. የመርከቧ አዛዥ ያየው መብራት የት የሚገኘው መስሎት ነበር?
2. አዲሱ መብራት ለመርዳት ተተክሎ ሳለ ለምን አሳሳተ?
3. «ማስታወቂያው መታተሙ ብቻውን ማንንም አያድንም» የተባለው ለምንድን ነው?

ሐ. ከምንባቡ ፍሬ ሐሳብ ጋር የሚስማማ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ፈልጉና፣ የሚስማማበትን ምክንያት በአንድ አንቀጽ ጻፉ።