ለተማሪ አዲስ ላፕቶፕ የትኛው የስርዓተ ክወና ዕትም ይመረጥ?

አዲስ የትምህርት ዘመን በተቃረበ ቁጥር በኮምፒውተር መሸጫዎች ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። ሻጩ ላፕቶፑን ከካርቶኑ አውጥቶ ካበራው በኋላ «ባለበት ሆም ይሁንልህ ወይስ ፕሮ ልጫንልህ?» ይላል። ገዢው ተማሪም ልዩነቱን ስለማያውቅ «የተሻለው ይሁንልኝ» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ በላፕቶፑ ላይ የነበረውን ፎርማት አድርጎ «ፕሮ» የተባለውን ከፍላሽ ይጭንለታል። ቤተሰቡ ለወራት ያጠራቀመለትን ገንዘብ ከፍሎ የወጣው ይህ ተማሪ፣ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የገዛውን ሕጋዊ ሶፍትዌር አስጠፍቶ ምንጩ የማይታወቅ ሶፍትዌር ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዕትም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ ዕትሞቹ በምን እንደሚለያዩና አንድ ተማሪ በምን መመዘኛ መምረጥ እንደሚገባው እንመለከታለን።

ስሪትና ዕትም

ስርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ዲስክና ሌሎች አካላት እያስተዳደረ ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ስንል በተለያየ ጊዜ የወጡ ስሪቶችን እንጠራለን። ሆም፣ ፕሮ፣ ኤዱኬሽን ስንል ግን የአንዱን ስሪት የተለያዩ ዕትሞች ማለታችን ነው። ሁለቱ ሊምታቱ አይገባም።

ማይክሮሶፍት የሚያቀርበው የዊንዶውስ 11 ማስጫኛ ፋይል ሆምን፣ ፕሮንና ኤዱኬሽንን በአንድነት የያዘ ነው። የትኛው እንደሚጫን የሚወስነው የፈቃድ ቁልፉ ነው። ነገሩን ክፍሎቹ ሁሉ ተሠርተው ባለቁለት ሕንፃ ልንመስለው እንችላለን፤ ተከራዩ የሚገባው በተሰጠው ቁልፍ ወደሚከፈቱት ክፍሎች ብቻ ነው።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዊንዶውስ 7 ስታርተር ዕትም ከ2 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም ነበር። ባለ 32 ቢት ስርዓት ሊቆጥራቸው የሚችላቸው የማስታወሻ አድራሻዎች 2 በ32 ሲባዛ ሳይሆን 2 በራሱ 32 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው 4,294,967,296 ባይት፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ነው። የስታርተር ወሰን ከዚህም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ገደቡ የመጣው ከሒሳቡ ወይም ከማሽኑ ሳይሆን ከፈቃዱ ነው። ተጨማሪ ራም የገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አወጣ ማለት ነው።

በሆምና በፕሮ መካከል ያለው ልዩነት

በቅድሚያ ልዩነት የሌለባቸውን እንለይ። ሁለቱም አንድ ዓይነት እምብርት ስላላቸው በፍጥነት አይበላለጡም። የደኅንነት ማሻሻያዎችንም እኩል ያገኛሉ። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ማትላብ፣ አውቶካድና አርክጂአይኤስ ፕሮ በሁለቱም ላይ ይሠራሉ። በአማርኛ መጻፊያው ኪቦርድም በሁለቱም ይገኛል።

ፕሮ በዋናነት የሚጨምራቸው የሚከተሉትን ነው።

ሀ) ኮምፒውተሩን በመሥሪያ ቤት ማዕከላዊ መረብ ሥር አስመዝግቦ በአስተዳዳሪ ማዘዝ። ይህ ለድርጅት ኮምፒውተር የሚያስፈልግ ነው፤ ተማሪ የግል ላፕቶፑን ከዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ጋር ለማገናኘት አያሻውም።

ለ) ላፕቶፑን ከሌላ ቦታ ሆኖ በሪሞት ዴስክቶፕ ማዘዝ። ከሆም ተነሥቶ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ይቻላል፤ በዚህ መንገድ ወደ ሆም መግባት ግን አይቻልም።

ሐ) ሃይፐር ቪ፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጠቃሚ ቢሆንም ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በሆም ላይም ይሠራል። ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ክፍልም በሆም አለ።

መ) ቢትሎከር፤ ዲስክን በሚስጥር የመቆለፍን ሥራ በዝርዝር ለመቆጣጠር ያስችላል። ሆም ብቃቱ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ቀለል ያለውን ዓይነት ያቀርባል።

በራም በኩል ሆም እስከ 128 ጊጋባይት፣ ፕሮ እስከ 2 ቴራባይት ይቀበላሉ። የተማሪ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ራም ስላለው ይህ ልዩነት ተማሪውን አይነካውም። ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ድምዳሜ፣ ለአብዛኛው ተማሪ ሆም በቂ መሆኑን ነው። ለፕሮ የሚወጣው ገንዘብ ራም ቢጨመርበት ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቢገዛበት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሌሎች ስሞች

«ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ» የሚለው ዕትም የሚገድበው ትእዛዞችና መልእክቶች የሚታዩበትን ቋንቋ እንጂ የምንጽፍበትን ቋንቋ አይደለም። «ኤስ ሞድ» የተባለው አሠራር ግን ከማይክሮሶፍት መደብር ውጭ የተገኘ ፕሮግራም አይቀበልም። ስለዚህ በርካታ የትምህርት ፕሮግራሞች አይጫኑበትም። ከዚህ አሠራር ያለ ክፍያ መውጣት ይቻላል፤ ከወጡ በኋላ ግን መመለስ የለም። «ኤዱኬሽን» ደግሞ የትምህርት ተቋማት ከኩባንያው ጋር በሚገቡት ውል የሚሰጥ ነው። ተማሪው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የኢኮቴ ክፍል ቢጠይቅ መልካም ነው።

ፈቃዱ የሚገኝበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ከወጣ ወዲህ አምራቾች ዊንዶውስ ጭነው በሚሸጧቸው ላፕቶፖች ላይ የፈቃድ ቁልፉ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነው። ዲስኩ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ቁልፉ አይጠፋም። በመግቢያችን የጠቀስነው ተማሪም ተስፋ አይቁረጥ። ከማይክሮሶፍት ገጽ ማስጫኛውን በነፃ አውርዶ ያንኑ ዕትም መልሶ ቢጭን፣ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ከቺፑ አንብቦ ፈቃዱን ከኢንተርኔት ያረጋግጣል።

ክራክ የተደረገው ፕሮ የሚያመጣው ጉዳት ከሕግ ጥያቄ ያለፈ ነው። ክራክ የሚያደርገው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አንቲቫይረሱ እንዲጠፋለት ይጠይቃል፤ የሚሠራውም በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው። በዚያች ቅጽበት ምን ሌላ ነገር አብሮ እንደገባ ባለቤቱ ሊያውቅ አይችልም።

ካርቶኑ ላይ «ፍሪዶስ» ተብሎ የተጻፈበት ላፕቶፕ ግን ዊንዶውስ ሳይኖረው የተሸጠ ነው። ዋጋው የሚቀንሰውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የዲስኩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከዕትም ምርጫ ይልቅ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ስሕተት ይህ ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ዲስኩ በራሱ ጊዜ በሚስጥር ሊቆለፍ ይችላል፤ 48 አኃዞች ያሉት የመክፈቻ ቁልፍም በዚያው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ ሻጩ «ላስተካክልልህ» ብሎ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ቢሆንስ? ቁልፉ የሚገኘው በሻጩ አካውንት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ ቢቀየር ኮምፒውተሩ እነዚያን 48 አኃዞች ይጠይቃል። ሻጩ ካልተገኘ፣ ተማሪውም ሌላ ቅጂ ካልያዘ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በዲስኩ ላይ እያለ ሊከፈት አይችልም። ጥሩ ሚስጥራዊ ቁልፍ ሌባንም ባለቤትንም የሚያየው በአንድ ዓይን ነው።

የሊኑክስ አማራጭ

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ሊኑክስ ላይ የተመሠረተው ኡቡንቱ የፈቃድ ክፍያ የለውም። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ስሪቱ ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ፓይተን፣ አር፣ ኦክታቭ፣ ኪውጂአይኤስና ሊብሬኦፊስ በሚገባ ይሠሩበታል። ስለሆነም ለሒሳብ፣ ለስታቲስቲክስና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሚመች ነው። አውቶካድና አርክጂአይኤስ ፕሮ ግን ለሊኑክስ የተዘጋጁ ስላልሆኑ የአርክቴክቸርና የጂአይኤስ ተማሪዎች ሊያስቡበት ይገባል። ሳይጭኑት ከፍላሽ አስነሥቶ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን መፈተሽ ይቻላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛም አንድ ማስታወሻ አለን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአጠቃላይ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በፊት የወጡትን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይደግፍም። ለእነዚህ ማሽኖች ኡቡንቱ ትክክለኛ መፍትሔ ነው።

ማጠቃለያ

ለመምረጥ የሚረዱትን ደረጃዎች ባጭሩ እንዘርዝር።

1. ተማሪው በቅድሚያ የትምህርት ክፍሉ የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ይጠይቅ፤ ዕትሙ ከእነርሱ በኋላ ይመረጣል።
2. ላፕቶፑ ሕጋዊ ሆም ይዞ ከመጣ ፎርማት አያስደርገው።
3. «ፍሪዶስ» ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው የኤዱኬሽን ፈቃድ ያፈላልግ፤ ካልተገኘ ኡቡንቱን ይሞክር።
4. አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ይክፈት፤ የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ገልብጦ ከላፕቶፑ ርቆ ያስቀምጥ።
5. የሥራዎቹን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ዘወትር ይያዝ።

ከሆም ወደ ፕሮ በማንኛውም ጊዜ ከፍሎ ማደግ ይቻላል፤ ፋይሎቹም ባሉበት ይቆያሉ። የጠፋ ቁልፍና የጠፋ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን በገንዘብ አይመለሱም። ስለዚህ ሻጩ «ሆም ወይስ ፕሮ?» ብሎ ሲጠይቅ የተማሪው መልስ «እንዳለ ስጠኝ፤ እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ» የሚል ቢሆን እንመክራለን።