ዚርና ፔርሙዝ፦ የመጠጥ ውሃን ማቀዝቀዝ፣ ሻይን ትኩስ አድርጎ ማቆየት

ከእናንተ መካከል ካርቱም የኖረ ሁሉ ዚርን ያውቃል። በየመስጊዱ አጠገብ፣ በየግቢው በርና በየኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ በብረት ማቆሚያ ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ተደርድረው፣ ክዳንና ጣሳ ከላያቸው ተደርጎ አላፊ አግዳሚውን ያለ ገንዘብ የሚያጠጡት ትላልቅ የሸክላ ጋኖች ናቸው። ሱዳኖች ይህን ልማድ «ሰቢል» ይሉታል፤ ለሞተ ዘመድ ነፍስ ተብሎም ይቆማል። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ከተነሳ በኋላ በብዙ ሰፈሮች መብራትና የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ፣ ፍሪጅ ያለው ሰው ፍሪጁን ቁም ሣጥን አደረገው። ዚር ግን መብራት አይጠይቅም። ዛሬ በመጠለያ የምንገኘው ሰዎችም መብራት ስለሌለን፣ ይህ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያታልለን ማወቅ ይጠቅመናል።

በአገራችን እንስራም ገንቦም አለ። ታዲያ የእኛ እንስራ እንደ ሱዳኑ ዚር ለምን አያቀዘቅዝም? አንደኛው ምክንያት በደጋ አገር ያን ያህል ሙቀት ስለሌለ ነው። ሁለተኛው ግን በእጃችን ያለ ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጎመን ዘር ያሟሹታል፤ ጀበናም ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም። ማሟሸት ማለት በሸክላው ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በቅባት መድፈን ነው። ለምጣድና ለጀበና ይህ ትክክል ነው። ዚር ግን የሚሠራው በእነዚያው ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ዚር አይሟሽም፣ ቀለም አይቀባም፣ በዘይት እጅም አይነካም። እንዳያንጠባጥብ ብሎ ውጪውን በቀለም የቀባ ሰው ተራ ጋን ይዞ ይቀራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በውስጡ ያለው ውሃ በቀዳዳዎቹ እየሰረገ ወደ ውጪው ገጽ ይወጣል፤ እዚያም በነፋስ ይተናል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚወስደውም ከሸክላውና በውስጡ ከቀረው ውሃ ነው። ላብ ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ኃይሉ ቀላል አይደለም፦ 1 ሊትር ውሃ ተንኖ የሚወስደው ሙቀት፣ ከውጭ የሚገባ ሌላ ሙቀት ባይኖር ኖሮ፣ ከ50 ሊትር የሚበልጥ ውሃን በ10 ዲግሪ ዝቅ ለማድረግ ይበቃል። እርግጥ ከውጭ ሙቀት ሳያቋርጥ ይገባል። ጥላው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ዚር ውሃውንም ያባክናል፣ ብርዱንም አያገኝም።

ቅዝቃዜው ደግሞ ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያበጀው የአየሩ ርጥበት ነው። ካርቱም በሜይና በጁን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ አየሩ ግን ደረቅ ነው። ሙቀቱ 40፣ ርጥበቱ ከመቶ 20 ሲሆን፣ ዚር ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ መጠን 22 ዲግሪ ግድም ነው፤ በተግባር ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። ዝናብ ሲገባ አየሩ 35 ሆኖ ርጥበቱ ወደ 60 ቢወጣ፣ ወሰኑ ወደ 28 ከፍ ይላል። ስለዚህ በክረምት ዚሩ «ሰነፈ» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙን ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ አየሩ ራሱ በውሃ ስለጠገበ ትነቱን አይቀበልም።

ዚር የሌለው ሰው በጄሪካን ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ንጹሕ ጆንያ ወይም የጥጥ ጨርቅ በጄሪካኑ ዙሪያ አጥብቆ መስፋት፣ ማርጠብ፣ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማንጠልጠል ነው። የጨርቁ ጫፍ ዝቅ ብሎ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ቢነከር፣ ጨርቁ ራሱ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፤ በየሰዓቱ ማርጠብ አያስፈልግም። የላስቲክ ጆንያ ውሃ ስለማይመጥ አይሆንም። በጨርቅ የተሸፈነው የወታደር ኮዳም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ ጨርቁ ካልረጠበ ግን ከግጭት መከላከያ ብቻ ነው።

ለአትክልት ደግሞ መሐመድ ባህ አባ የተባለ ናይጄሪያዊ መምህር የሠራው አለ፦ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። በ3 ቀን ይበላሽ የነበረ ደበርጃን 27 ቀን ቆይቶለታል። በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት የተሰጠው በዚህ ነው። በዳርፉርም ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይህን ዓይነት ዕቃ እየሠሩ ለገበያ አውጥተዋል።

አሁን ወደ ፔርሙዝ እንለፍ፤ ሱዳኖች «ተርሙስ» ይሉታል። በካርቱም ጎዳናዎች ሻይና ቡና ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ብዙ እህቶቻችን ነበሩ፤ ለእነሱ ፔርሙዝ የከሰል ቁጠባ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ የፈላ ውሃ እስከ ረፋድ ይሸጣል። «ከሻ» መጣ በተባለ ጊዜም ምድጃን አንስቶ ከመሮጥ ፔርሙዝን አንጠልጥሎ መሮጥ ይቀላል!

ፔርሙዝን በ1892 እ.ኤ.አ. የሠራው ጄምስ ዲዋር የተባለ የስኮትላንድ ሳይንቲስት ሲሆን፣ አስቦት የነበረው ሻይን አይደለም፤ እጅግ የቀዘቀዙ ፈሳሽ ጋዞችን እንዳይሞቁ ለማቆየት ነበር። የባለቤትነት መብት ሳያስመዘግብ ስለቀረ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ቴርሞስ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ለገበያ አቀረበው፤ ዲዋርም ከስሶ ተረታ። ከዚህ የምንረዳው ፔርሙዝ ራሱ አያሞቅም፣ አያቀዘቅዝም፤ የሰጡትን ይጠብቃል። ሙቀት በሦስት መንገድ ይጓዛል፦ በንክኪ፣ በአየር እንቅስቃሴና በጨረር። በሁለቱ የመስተዋት ግድግዳዎች መካከል አየሩ ስለወጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተዘግተዋል፤ የብር ቅቡ ጨረሩን ይመልሳል። የቀረው በር ክዳኑ ነው። ከመስተዋቱ ግርጌ ያለችው ትንሽ ጫፍ አየሩ የወጣባትና የታሸገችባት ስለሆነች፣ እሷ ከተሰበረች ፔርሙዙ ደህና ቢመስልም አብቅቶለታል።

ፔርሙዝ መግዛት ያልቻለ ማንቆርቆሪያውን በካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ዙሪያውን በገለባ፣ በአሮጌ ልብስ ወይም በተጨማደደ ጋዜጣ ቢጠቀጥቅ፣ በላዩም ወፍራም መሸፈኛ ቢደርብ፣ እንደ ፔርሙዙ ባይሆንም ለጥቂት ሰዓታት ይቆይለታል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበትን እንንገራችሁ። ገለባውና ልብሱ የሚከላከለው በውስጡ አየር ስለያዘ ነው፤ ከረጠበ ሙቀት ያሾልካል። በዚር ግን እርጥበቱ ነው ሥራውን የሚሠራው። ዚርን በወፍራም ብርድ ልብስ መጠቅለል ትነቱን ማፈን ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያን በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል ደግሞ ሻዩን ማብረድ ነው።

ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ንጽሕናው ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ሜይ ወር ኮሌራ በካርቱም እጅግ በርትቶ ነበር። ዚር አፉ ሰፊ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጣሳ ይጨልፋል፣ ጣቱንም ይነክራል። ቀዝቃዛ ውሃ ንጹሕ ይመስላል፤ ቅዝቃዜ ግን የኮሌራን ተሕዋስ አይገድልም። በሱዳን ሴቶች የደፈረሰውን የዓባይ ውሃ በሽፈራው ዛፍ ፍሬ ማጥራታቸው የታወቀ ነው፤ ደቡቦቻችን ከዚሁ ዘር አንዱን ቅጠሉን ይበሉታል፤ ነገር ግን የጠራ ውሃም ገና ክሎሪን ወይም ማፍላት ያስፈልገዋል። ክሎሪን ደግሞ በሸክላ ውስጥ ቶሎ ይዳከማል። ስለዚህ በሽታ ባለበት ወቅት የእኛ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ክሎሪን የገባበትን ውሃ አፈ ጠባብና ክዳን ባለው ጄሪካን ማስቀመጥ፣ ያንኑ ጄሪካን በውጪ በእርጥብ ጆንያ ማቀዝቀዝ። የጆንያው ውሃ ወደ ጄሪካኑ አፍ እንዳይንጠባጠብ ግን ተጠንቀቁ። ዚር መጠቀም ግድ ከሆነ እጀታው ረጅም የሆነ ጭልፋ ይዘጋጅለት፤ ጭልፋውም ሰቅለው እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥ።

ለሕፃን ወተት ፔርሙዝ ውስጥ ለብ አድርጎ ማቆየት አደገኛ ነው፤ ለብ ያለ ወተት የጀርም ማሳ ነው። የዱቄት ወተት ለሚሰጣችሁ እናቶች፣ ፔርሙዙ የሚይዘው ፈልቶ የወረደ ውሃ ብቻ ይሁን። ወተቱ በሚበጠበጥበት ሰዓት ውሃው ከ70 ዲግሪ ማነስ የለበትም፤ ከዚያ ሕፃኑ በሚጠጣው ልክ ይቀዝቅዝ፣ የተረፈው ይደፋ። ለተቅማጥ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ግን በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ ክዳን ባለው ዕቃ ቢቀዘቅዝ ልጁ በቀላሉ ይጠጣዋል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ አዲስ ይበጥበጥ።

የዚሩ ቀዳዳዎች በውሃ ጨውና በደለል እየተደፈኑ ይሄዳሉ። ምልክቱ ዚሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውጪው ደረቅ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ባዶ አድርጋችሁ ውስጡንም ውጪውንም ያለ ሳሙና በደረቅ ብሩሽ ወይም በቃጫ ፈትጉት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ አንድ ቀን ሙሉ አድርቁት። ከዚህ በኋላም ካላላበ ለእህል ማስቀመጫ ይሆናል።