አሮጌ ላንድክሩዘር ስንገዛ፦ አራቱም ጎማ በእርግጥ ይጎትታልን?

የኢሉባቦር ክረምት ረጅም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከመቱ አስፋልት ወርደን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስንገባ ቀዩ አፈር ርሶ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። በዚህ መንገድ ሕመምተኛውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ነገ ለማስተማር ልምምድ የምንሰማራው እኛም ብዙ ጊዜ የምንሳፈረው በአሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ስለዚህ «ፎር ዊል ነው፣ አይዟችሁ» ሲባል ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ለእኛ ትርፍ እውቀት አይደለም።

ለጥናታችን ምሳሌ የሆነን የአንድ ጓደኛችን አጎት በቅርቡ የገዙት ኤችጄ 75 ነው። ቶዮታ ይህን ዓይነት የሠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1984 እስከ 1990 ሲሆን ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3,980 ሲ.ሲ. የናፍታ ሞተር ነው። እንግዲህ መኪናው በዕድሜ ታላቃችን ነው ማለት ነው! ጋሼ፣ «ልጆቼ፣ ሊብሬው ንጹሕ ነው፣ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?» አሉን። በእርግጥ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር የመጀመሪያው ሥራ ነው። ግን የሞተሩ መነሣት የሚነግረን ስለ ሞተሩ ብቻ ነው።

ኃይሉ ከሞተር ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ ወደ ረዳት ማርሽ ይሄዳል። የረዳቱ ዘንግ ኤች 2 ላይ ሲሆን የሚጎትቱት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ኤች 4 ላይ ሲገባ ኃይሉ ወደ ፊትም ይላካል። ነገር ግን በዚህ አይበቃም፤ በፊት ጎማዎቹ መካከል ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክብ መዝጊያ አለ። ሾፌሩ ወርዶ ሁለቱንም ወደ ሎክ ካላዞረ ኃይሉ ጎማው ዘንድ አይደርስም።

ታዲያ አንዱ መዝጊያ ቢበላሽስ? «በሦስት ጎማ ይሄዳላ» ያለ ጓደኛ ነበረን። እንዲህ አይደለም! ዲፈረንሻል የሚባለው ጥርስ ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። አንዱ ወገን ባዶውን የሚሽከረከር ከሆነ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ይፈስሳል፤ ደህናው ጎማም ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ብልሽት ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከሥራ ውጭ ይሆናሉ። መኪናው ፎር ዊል የሚሆነው በስሙ ብቻ ነው፤ ይህም የሚታወቀው ጭቃው መሐል ከተገባ በኋላ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የኋላ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸው፣ ረዳቱ ኤች 2 ላይ ይሁን። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሥተን በእጅ እናዙረው። ፍሪ ላይ ቀልሎ ይዞራል። ሎክ ላይ ግን የውስጡን ጥርሶች ይዞ ስለሚዞር ይከብዳል፣ ድምፁም ይሰማል። በጋሼ መኪና የቀኙ እንዲሁ ሆነ፤ የግራው ግን በሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር። ጋራዥ ሄዶ ሲፈታ ግሪሱ ከጭቃና ከዝገት ጋር ደርቆ ተገኘ። ሻጩ «አራቱም ይጎትታል» ብሎ ነበር የሸጠው። ታጥቦና አዲስ ግሪስ ተቀብቶ ሲገጠም ተስተካከለ።

በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ኤች 4 ማስገባት አይገባም። መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ይለያያል፤ ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያቻችላል፣ አስፋልት ላይ ግን ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ።

ኤል 4 ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ቀንሶ ጉልበቱን በዚያው ልክ ያበዛል። ሰው የሚያስበው ለዳገት ብቻ ነው፤ እኛ ግን ለጭቃማ ቁልቁለት ይበልጥ እንወደዋለን፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛልና። በዋናው መንገድም ቢሆን ከጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ የሚወርድ ሾፌር በከባድ ማርሽ ሳይሆን ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከሄደ ፍሬኑ ግሎ ይደክማል።

በመጨረሻም ወንዝ የተሻገረ መኪና የዲፈረንሻሉ ዘይት ይታይ። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። በጋሼ መኪና የኋላው ደህና ሲሆን የፊተኛው ነጥቶ ስለ ተገኘ ቅዳሜ ይቀየራል።