ለመሣሪያ ቤት የውጭ መዝጊያ የሚሆን ዋጋው መጠነኛ የሆነ እንጨት ስለ መምረጥ

የእርሻ መሣሪያ የሚጠገንበትና የሚቀመጥበት ቤት ግድግዳው ምንም ቢጠነክር፥ መዝጊያው ደካማ ከሆነ ክፍት እንዳደረ ይቈጠራል። ከበሬው ቀጥሎ የገበሬው ዋና ሀብት መሣሪያው ስለ ሆነ፥ የመዝጊያው ነገር ለአናጢ ብቻ የሚተው አይደለም። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ለብዙ ዓመት የሚያገለግል መዝጊያ ከምን እንጨት እንደሚሠራ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

የውጭ መዝጊያ አራት ጠላቶች አሉት፤ እነርሱም ፀሐይ፥ ዝናም፥ ምስጥና የራሱ ክብደት ናቸው። ፀሐይ እንጨቱን አድርቃ ታኰማትረዋለች፤ ዝናም መልሶ ያሳብጠዋል፤ ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ በደፉና በመቃኑ በኩል ይገባል፤ ክብደቱም ማጠፊያውን እየጐተተ መዝጊያውን ያዘነብለዋል። እንግዲህ እንጨት የሚመረጠው በመልኩ ሳይሆን እነዚህን አራቱን በመቻሉ ነው።

በደጋና በወይና ደጋ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ እንጨቶች ጠባያቸው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ የሐበሻ ጽድ፤ ቀይ የሆነው የውስጥ ልቡ ምስጥንና መበስበስን በብርቱ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ምስማር ሲመታበት ቶሎ ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል።

2ኛ/ ዋንዛ፤ ከደረቀ በኋላ እምብዛም አይጣመምም፤ ለመላግም የተመቸ ነው። ለቤት ዕቃ በጣም ስለሚፈለግ ግን ዋጋው ውድ ነው።

3ኛ/ ዝግባ፤ ቀጥ ያለና ለሥራ የሚመች ነው፤ ሆኖም መከላከያ መድኃኒት ካልተቀባ በዝናም ላይ አይበረክትም።

4ኛ/ ነጭ ባሕር ዛፍ፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ በየመንደሩ የሚገኝ ብርቱ እንጨት ነው። ጉዳቱ ክብደቱና በሚደርቅበት ጊዜ መጣመሙና መሰንጠቁ ነው።

5ኛ/ የፈረንጅ ጽድ፤ ቀላል ነው፤ ሲደርቅም እምብዛም አይጣመምም፤ ልቡ መበስበስን በመጠኑ ይችላል። ጉድለቱ የጉጡ መብዛት ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ ተከልክለው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሐበሻ ጽድ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ በመሆኑ፥ ለአንድ መዝጊያ ሲባል የሰው ዕድሜ የፈጀውን ዛፍ መጣል ከትርፉ ጉዳቱ ይበልጣል።

ስለዚህ የምንመክረው እንጨቱን በየቦታው ከፍሎ ማሠራትን ነው። መዝጊያው ከፈረንጅ ጽድ ይሠራ፤ ምስጥ የሚገባባቸው ደፉና መቃኑ ግን ከፈረሰ ቤት በሚገኝ አሮጌ የሐበሻ ጽድ ይሠሩ። እንዲህ ሲሆን ውድ የሆነው እንጨት በጥቂቱ፥ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ይውላል።

የክብደቱን ልዩነት በሒሳብ ማየት ይቻላል። ስፋቱ 1 ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር፥ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር ተኩል የሆነ መዝጊያ ሳንቃው ብቻ 0.05 ሜትር ኩብ ነው፤ ሦስቱ አግዳሚዎችና ሁለቱ ሰያፎች ሲጨመሩ 0.066 ያህል ይሆናል። ይህ መዝጊያ ከደረቀ የፈረንጅ ጽድ ቢሠራ 30 ኪሎ ያህል፥ ከነጭ ባሕር ዛፍ ቢሠራ 50 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ማጠፊያው በየቀኑ የሚሸከመው ትርፍ 20 ኪሎ መሆኑ ነው። ለአናጢው ለብክነት አንድ አምስተኛ ጨምሮ መግዛት ይበቃል።

እንጨቱ ሳይደርቅ መሥራት ግን ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሳንቃው ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በመካከሉ ቀጫጭን መለያ እንጨት እየገባበት፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይደርደር። ከክምሩ አንዱን ሳንቃ እያወጡ በየሁለት ሳምንቱ በሚዛን መመዘንና ክብደቱን በእርሳስ እላዩ ላይ መጻፍ ይገባል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል ማለት ነው።

በሥራው ጊዜ ሦስት ነገሮች አይዘንጉ። ሰያፉ ከታች ከማጠፊያው ወገን ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ቍልፉ ወገን ይውጣ፤ በተቃራኒው ከሆነ ክብደቱን ወደ ታችኛው ማጠፊያ ማስተላለፍ አይችልም። ዝናም የሚጠጣው ይበልጡን በተቈረጠው ጫፍ ስለ ሆነ፥ የሳንቃው የላይና የታች ጫፍ ከሌላው ክፍል በፊት የዘይት ቀለም ይቀባ። ከደፉ በላይም የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተው፤ ከበሩ በላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ቢደረግ ደግሞ የመዝጊያውን ዕድሜ ያረዝመዋል።

መዝጊያ የሚያሠራ ሁሉ በግቢው ዳር ጥቂት የፈረንጅ ጽድ ችግኝ ቢተክል፥ ልጁ በተራው መዝጊያ ሲያሠራ እንጨቱን ከገበያ አይፈልግም።