ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?

ማገዶ በብዙ አካባቢ ከደጃፍ አይገኝም። እናቶችና ልጃገረዶች ሩቅ ሄደው፣ ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ነው የሚያመጡት። ስለዚህ በዚህ እንጨት ውሃ ስናሞቅ ምን ያህል ማሞቅ እንደሚገባን እንወቅ። ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ በደንብ ካልሞቀ ልጅ በተቅማጥ ይታመማል፤ ይሞታልም። ከልክ በላይ ከነደደ ደግሞ እንጨቱ በከንቱ አመድ ይሆናል። ይህን ገጽ ወንዶችም ያንብቡት፤ እሳቱ የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚለውን አንቀበልም።

ሙቀት የሚለካው በዲግሪ ነው። መለኪያው ቴርሞሜትር ይባላል። የጤነኛ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ያህል ሙቀት አለው። ውሃ በባሕር አጠገብ ባለ ዝቅተኛ አገር የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ግን መፍያው ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ። ድሬዳዋ ላይ በ96፣ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 90 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? አየር ክብደት አለው። ቆላ ላይ ብዙ አየር ውሃውን ስለሚጫነው፣ ያንን ጭነት ገፍቶ ለመፍላት ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ደጋ ላይ ጭነቱ ይቀላል።

የደጋ ሴት ባቄላ ስትቀቅል አልበስል እያለ የሚያስቸግራት ለዚህ ነው። እሳት ብታበዛ ፈጥኖ አይበስልላትም። ሌሊቱን ዘፍዝፋ ማሳደርና ድስቱን መክደን ይሻላታል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ምንም ያህል እንጨት ብንጨምርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። የጨመርነው እሳት ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል እንጂ። አንድ ድስት ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት አንድ እስር እንጨት ቢፈጅ፣ ያንኑ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ለማንደድ ሰባት እስር ያህል ተጨማሪ ይፈጃል። ስለዚህ ከፈላ በኋላ በኃይል እያነደዱ ማንተክተክ እንጨት መጣል ነው።

የኮሌራ፣ የታይፎይድ፣ የአሜባና የጃርዲያ ተሕዋስያን በ70 ዲግሪ ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። ታዲያ ለምን እስኪፈላ ጠብቁ እንላለን? 70 ዲግሪን በዓይን ማወቅ ስለማይቻል ነው። እንፋሎት መታየቱ አይበቃም። ድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ መለጠፉም አይበቃም፤ እሱ ውሃው ውስጥ የነበረው አየር ነው። ትልልቅ አረፋ ከሥር እየተነሣ ላዩ ላይ ሲፈነዳ፣ ውሃው ሲንተከተክ፣ ያኔ ፈልቷል። ከዚያ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ። ሰዓት የሌለው ሰው ቀስ ብሎ እስከ 180 ይቁጠር፤ ቁጥር የተማርነው ለምን ሆነና! ከዚያ እሳቱን ጎትቱ።

የደፈረሰ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ ይጥለልና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። እንጨቱም ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ከሙቀቱ ከፊሉን የራሱን ውሃ በማድረቅ ያባክነዋል፤ ጭሱም ዓይን ይጎዳል። የፈላው ውሃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ በታጠበ ጀሪካን ወይም አፈ ጠባብ እንስራ ይቀመጥ። ኩባያና እጅ እየነከሩ መቅዳት የተደከመበትን ሁሉ ያበላሻል። ማገዶ ለሁሉም ካልበቃ ለሕፃናትና ለሕሙማን የሚጠጣው ይቅደም፤ ለቀረው ከጤና ሠራተኛ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ጠይቁ።

ወተት አንዴ ገንፈል እስኪል ካፈላነው ይበቃል። ፋብሪካዎች በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ያሞቁታል፤ ዘዴው በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም ይጠራል። ጥሬ ወተት ከታመመች ላም የሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰው ሊያመጣ ይችላል።

ለገላ የሚሆን ውሃ ግን መፍላት የለበትም፤ ለብ ካለ በቂ ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሕፃን ቆዳ በሴኮንዶች ይልጣል። ገንዳው ውስጥ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ ትኩሱን በላዩ ጨምሩ፣ ከዚያ ክርናችሁን ነክራችሁ ሞክሩ። መዳፍ በሥራ ስለጠነከረ ያታልላል።

አንድ ነገር ይቀረናል። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛል። ጥርስ ያበልዛል፤ ሲቆይ አጥንትም ይጎዳል። ይህን ማፍላት አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል። እዚያ ያለ ሰው ማገዶ ከመጨመር ይልቅ የዝናብ ውሃ ያጠራቅም፤ ሌላ ጉድጓድም እንዲመረመር ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ይጠይቅ።